«ሽሙዝ አድርግ» አለኝ አለቃዬ። ስድብ ነው ወይስ ምክር?

ሂሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ትናንት የዓመቱ የሥራ ግምገማዬ ነበር። ሂሳብ መርማሪ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። አለቃዬ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ሥራህ እንከን የለውም» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ጋለል ብሎ «ከደንበኞች ጋር ግን ትንሽ ሽሙዝ ማድረግ አለብህ» አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። እውነቱን ለመናገር ምን እንዳለኝ አላወቅሁም። ቃሉን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ በሳቅ መሃል ስለሚባል ግን አብሬ ስቄ አልፈው ነበር።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ከፈትሁ። አንደኛው ፍቺ ዘና ብሎ መጨዋወት ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ጥቅም፣ ሥራ ወይም ትውውቅ ለማግኘት ብሎ ሰውን በወሬ ማለስለስ። የትኛውን ነው ያለኝ? አሽቃብጥ ነው ያለኝ? ባለቤቴን ብጠይቃት «ቅቤ አንጓች ሁን ብሎሃል» ብላ እስኪያስነባት ሳቀች።

ሐሙስ ማታ ደንበኞች የተጠሩበት ግብዣ አለ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ታክሲ ነጂው

ወንድሜ፣ ይሄ ደግሞ ምን እንቅልፍ ያሳጣል? እኔ እንጀራዬ ነው።

ሰውዬው ኤርፖርት ከጫንኩት በኋላ ሁለት ደቂቃ ዝም እላለሁ። በመስታወት አየዋለሁ። ስልኩን ካወጣ አበቃ፤ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መንዳት ነው። በመስኮት ማየት ከጀመረ ግን «ይሄ ድልድይ ዛሬም ተዘጋግቷል» እላለሁ። ለድልድዩ ማን ይጨነቃል! እሱ ግን ስለ ከተማው ይጀምራል። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ልጁ ኮሌጅ መግባቱን፣ ሚስቱን ጉልበቷን እንደሚያማት አውቄያለሁ። ቲፑም ጥሩ ይሆናል። አሞካሸሁት? አላሞካሸሁትም። ሽሙዝ ማለት ይሄ ነው።

የአራት ልጆች እናት

ታክሲ ነጂው፣ ለቲፑ ብለህ አይደል እንዴ ድልድዩን ያነሳኸው? እንግዲህ ሁለተኛው ፍቺ ውስጥ ገብተሃል 😂

ታክሲ ነጂው

እታለም፣ ድልድዩ እኮ እውነትም ተዘጋግቶ ነበር።

ቦሌ ሚካኤል

ቃሉን ጎግል ሳደርገው አጻጻፉ ገረመኝ። አንድ «ሽ» ለማለት ሦስት ፊደል ይደረድራሉ። ጀርመንኛ ነው እንዴ?

የአሽዶዷ

መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስለኛል። የምኖረው እስራኤል ነው፤ ቤተሰቦቼ ከጎንደር ናቸው። ይህን ቃል አሜሪካኖች ሲሉት ስሰማ ሁሌ ያስቀኛል፤ ምክንያቱም ከአፌ የወጣ ቃል ባሕር ተሻግሮ፣ ኮት ለብሶ የተመለሰ ነው የሚመስለኝ።

መነሻው ዕብራይስጥ ነው። «ሽሙዓ» ማለት የተሰማ ነገር፣ ወሬ፣ ጭምጭምታ ማለት ነው። ሲበዛ «ሽሙዖት» ይሆናል። ዛሬም በየቀኑ የምንጠቀምበት ቃል ነው። ወታደር በነበርኩ ጊዜ ዓርብ ሲቃረብ ካምፑ ውስጥ ከሽሙዖት ሌላ ነገር አይሰማም ነበር። ፈቃድ ተሰርዟል፤ አልተሰረዘም፤ የሚሄደው ግማሹ ነው፤ ማን አለ? ወጥ ቤት ያለው ልጅ አለ። ያ ነው ሽሙዖት።

ከዚያ ወደ ይዲሽ ገባ። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። አጥንቱ ጀርመንኛ፣ ፊደሉ ዕብራይስጥ ነው፤ የስላቭ ቃላትም ሞልተውበታል። እነሱ ብዙውን የዕብራይስጥ የመጨረሻ «ት» እንደ «ስ» ነበር የሚያነቡት። ሻባትን «ሻቦስ» ይላሉ። ስለዚህ ሽሙዖት በእነሱ አፍ ወደ «ሽሙዖስ» ተጠጋ፤ ከዚያ አጥሮ «ሽሙዕስ» ሆነ። ትርጉሙም ለዘብ አለ። ወሬ ከማለት ጨዋታ፣ ወግ ማለት ሆነ። «ሽሙዕሰን» ሲሉ ቁጭ ብሎ ማውጋት ነው።

አሜሪካ የደረሰው ከሰዎቹ ጋር ነው። ከ1881 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ከምሥራቅ አውሮፓ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አይሁዶች አሜሪካ ገብተዋል። በ1881 የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ አሌክሳንደር ተገደለ፤ ከዚያ በኋላ አይሁዶች ላይ ዘረፋና ግድያ ተነሣ። በ1924 ደግሞ አሜሪካ በሩን የሚያጠብ ሕግ አወጣች። በመሃሉ የመጡት ብዙዎቹ ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ደቡብ ምሥራቅ ሰፈሩ። በጠባብ ክፍል ተፋፍገው ልብስ ይሰፉ ነበር። ቃሉ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ብቅ ያለው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ያ «ስ» ቀስ በቀስ «ዝ» ሆነ።

ለቦሌ ሚካኤል፦ ሦስቱ ፊደል የጀርመንኛ አጻጻፍ ልማድ ነው። ይዲሽ ራሱ በአንዲት የዕብራይስጥ ፊደል ነው የሚጽፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይዲሽ ላይ ቃሉ የጥቅም ሽታ የለውም። ዛሬም በሃይማኖት ትምህርት ቤቶቻቸው መምህሩ ተማሪዎቹን ሰብስቦ የሚሰጠው የሥነ ምግባር ምክር «ሽሙዕስ» ይባላል። ደንበኛ መያዙ፣ ስም ካርድ ማደሉ የአሜሪካ ጭማሪ ነው።

መሪጌታ አይደለሁም

እኅቴ የአሽዶዷ፣ ቡናዬን ትቼ ነው የምጽፈው።

ሽ፣ ም፣ ዕ አልሽ አይደል? ግዕዙ ሰምዐ ነው። ሰ፣ ም፣ ዐ። አማርኛ ላይ የኋለኛዋ ፊደል ድምጿ ጠፋና «ሰማ» ሆነ። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዕብራይስጥ «ሽ» ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ግዕዝ «ሰ» ይላል። ሻሎም፣ ሰላም። ሼም፣ ስም። ሻማይም፣ ሰማይ። ላሾን፣ ልሳን። ሮሽ፣ ርእስ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ መመሳሰል አይደለም፤ መስመር ያለው ነው። ዐረብኛውም «ሰሚዐ» ይላል።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቁጥር 4ን ግዕዙ «ስማዕ እስራኤል» ብሎ ይጀምራል። ዕብራይስጡ «ሽማዕ ይስራኤል» ይላል። ልጅ ሆኜ አንድ መነኩሴ ይህን ሲያነቡ ሰምቼ ነበር። ያንኑ ቁጥር በዕብራይስጥ ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ፀጉሬ ነው የቆመው።

የቃሉን ቤተሰብ እዩልኝ። ስምዕ ማለት ምስክርነት ነው። ሰማዕት ማለት በግዕዝ ምስክሮች ማለት ነው፤ ነጠላው ሰማዕ ነው። እኛ ሰማዕትን እንደ አንድ ሰው ቆጥረን «ሰማዕታት» ብለን ደግመን አበዛነው። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ስሙ ከዚህ ነው። ስምዖንም ከዚህ ነው፤ እናቱ ልያ «እግዚአብሔር ሰማኝ» ብላ ያወጣችለት። እስማኤልም እንዲሁ።

አለቃህ የተናገረው ቃል እንግዲህ ከእነዚህ ጋር ዘመድ ነው። እሱ ግን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ግዕዝ የዓለም እናት

እኔ ስንት ዓመት ስጮህ ነበር! እንግሊዝኛ ከግዕዝ ነው የተወለደው። አሁን ራሳችሁ አመናችሁ። ሽሙዝ የግዕዝ ቃል ነው፤ ሰረቁን!

መሪጌታ አይደለሁም

ወንድሜ ተረጋጋ። የአጎት ልጅህ አፍንጫ ካንተ አፍንጫ ጋር ቢመሳሰል ከአንተ ተወለደ ማለት ነው? ሁለታችሁም ከአያታችሁ ወሰዳችሁ። ዕብራይስጥና ግዕዝም እንደዚያ ናቸው። ቃሉ አዲስ አበባን አልረገጠም፤ አክሱምንም አልረገጠም። ከዕብራይስጥ ወደ ይዲሽ፣ ከይዲሽ ወደ እንግሊዝኛ ነው የሄደው። እኛ በራሳችን መንገድ የራሳችንን ይዘናል።

ግዕዝ የዓለም እናት

ምሁራን ነን ባዮች ሁሌ እንዲህ ናችሁ።

አወያይ

ከርዕሱ አንውጣ። የፊደል ጦርነቱ የራሱ ክር አለው።

ፍራንክፈርት በርዶኛል

ጀርመን ያላችሁ ካላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ።

ይኸው ቃል ከይዲሽ ወደ ጀርመንኛም ገብቷል። መጀመሪያ የገባው የዘላኖችና የሌቦች ሚስጥራዊ ንግግር ውስጥ ነው፤ ያኔ ትርጉሙ መቀባጠር ነበር። የዛሬው ጀርመንኛ «ሽሙዘን» ግን መተሻሸት፣ መተቃቀፍ፣ መሳሳም ነው። ልጅን ጉያ ውስጥ ከትቶ ማሻሸት፣ ፍቅረኛን እቅፍ ማድረግ። ጉያ የምትወድ ድመትም በዚሁ ቃል የተሠራ ስም አላት።

እኔ ይህን ያወቅሁት እንዴት መሰላችሁ? እንግሊዝኛውን ከፊልም ለምጄው ነበር። አዲስ ሥራ እንደ ጀመርኩ፣ ስብሰባ ላይ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ «ከደንበኞቻችን ጋር የበለጠ ሽሙዘን ማድረግ አለብን» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ሴትዮ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ አንዱ መሳቅ ሲጀምር ሌላው ተከተለ። ኃላፊዬ እንባውን እየጠረገ «ኮንትራቱ ላይ የለም» አለኝ። እስካሁን ልደቴ ሲሆን ካርድ ላይ ድመት ይሥሉልኛል።

የአራት ልጆች እናት

ሞትኩ 😂😂 ካርዱን ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን።

ሂሳብ ሹም

ከሥር መሠረቱ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። የአሽዶዷ፣ መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን አሁንም ሐሙስ እየመጣ ነው። በአማርኛ ንገሩኝ፤ ምን አድርግ ነው የተባልኩት?

ቦሌ ሚካኤል

መሞዳሞድ በለው። አለቀ።

የአራት ልጆች እናት

አይሆንም። መሞዳሞድ ውስጥ ተንኮል አለ። ሁለት ሰው ተሞዳሞደ ሲባል ሦስተኛው ሰው ተበልቷል ማለት ነው። ማሽቃበጥም አይሆንም፤ የሚያሽቃብጥ ሰው ዝቅ ብሎ ነው። ሳቁ ከቀልዱ ይቀድማል። እኛ መሥሪያ ቤት አንዱ ነበር፤ ኃላፊው ሲያስነጥስ መሐረብ ይዞ ከሌላ ክፍል ይደርስ ነበር። እሱ ሽሙዝ አይባልም።

ለእኔ የሚቀርበው ጨዋታ ነው። «ጨዋታ አዋቂ ነው» እንደምንለው። ለእንግዳ «እስቲ ተጫወቱ» አይደል የምንለው?

መሪጌታ አይደለሁም

ጥሩ አልሽ። ይዲሹ ላይ ልክ ጨዋታ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን ጨዋታ ሆኖ ኪሱ ውስጥ ጉዳይ የያዘ ጨዋታ ነው።

እንግሊዝኛ እኮ ሰው ፊት ለመወደድ የሚደረገውን ነገር ሁሉ በተለያየ ቃል ነው የሚጠራው። ከላቲኑ የጸጋና የሞገስ ቃል የተሠራ አንድ ግሥ አለ፤ ቃል በቃል ራስን ሰው ሞገስ ውስጥ ማስገባት ነው። እሱ ጨዋው ነው፤ መዝገበ ቃላትና ልብ ወለድ ውስጥ ይኖራል። ቅቤ መቀባት የሚልም አላቸው። ከእኛ ቅቤ አንጓች ጋር ማን አስተዋወቃቸው? ማንም። ቅቤ ያለበት አገር ሁሉ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል መሰለኝ። ተማሪ ለአስተማሪው ፖም ወልውሎ ማቅረቡም ስም ወጥቶለታል። ቡናማ አፍንጫ የሚሉት ደግሞ የወታደር ቃል ነው፤ ያን አልፈታላችሁም፤ ራሳችሁ ድረሱበት።

በጣም የምወደው ግን የጉርጡ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ አገር መድኃኒት ነን ባይ አታላዮች ገበያ መሃል ይቆሙ ነበር። ጉርጥ መርዝ ነው ተብሎ ይታመናል። አታላዩ ረዳቱን ልጅ ጉርጥ ያስበላዋል፤ ወይም የበላ ያስመስለዋል። ልጁ ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል። አታላዩ መድኃኒቱን ያጠጣዋል፤ ልጁ ዘሎ ይነሣል፤ ጠርሙሱ ይሸጣል። «ጉርጥ በላ» ለጌታው ብሎ ማንኛውንም ነገር የሚያደርግ ሰው ስም ሆነ። ከዚያ አጥሮ ዛሬ አጎብዳጅ ማለት ነው። ያንን ልጅ አስቡት። ምሳው እሱ ነው።

ጡረተኛው

ልጆች፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ እንግሊዝኛውን ለእናንተ ትቻለሁ። ደጅ ጥናትን ግን ረሳችሁት።

ድሮ ጉዳይ ያለው ሰው ከጌታው ደጅ ይቆም ነበር። ወራት፣ አንዳንዴ ዓመት። እኔ የደረስኩት በዶሴው ዘመን ነው። ጎልማሳ ሆኜ አንድ መሥሪያ ቤት ለዝውውር አራት ወር ተመላልሻለሁ። ኃላፊው በመኪና ይገባል፣ እጅ እነሣለሁ። ይወጣል፣ እጅ እነሣለሁ። ኮፍያዬ እስኪሳሳ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ደጅ ጥናት ቆሞ ነው፤ ዝም ብሎ ነው። ይህ ልጅ ታዘዘ የምትሉት ነገር ግን ብርጭቆ ይዞ፣ እኩል ቆሞ፣ እያወሩ ነው።

በነገራችን ላይ እኔን ያስገባኝ ዘበኛው ነው። ለራሱ ብቸኛ ሽማግሌ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ከጥላው ሥር ጠርቶ ያስቀምጠኝ ጀመር። አገሩ ስለነበረችው በቅሎ ያወራኛል። ሰኮናዋ፣ አረማመዷ፣ ስንት እንደተሸጠች። እኔም በቅሎ እወዳለሁ፤ አልዋሸሁም። አንድ ቀን «የሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ አትገባም፤ በጓሮ ና» አለኝ።

ታክሲ ነጂው

ጋሼ! ይኸው እኮ ነው ሽሙዝ ማለት!

ጡረተኛው

የለም፤ እኔ በቅሎዋን ነው የሰማሁት።

ማስታወቂያ ሠሪዋ

ጋሼ ያሉት ነገር ልክ ነው። ቃሉ ከ«ሰማ» የመጣው ለዚህ ነው። ሽሙዝ ማድረግ ማለት በመሠረቱ ማዳመጥ ነው። እኔ ለሠልጣኞቼ ነገ ይህንን ነው የምነግራቸው።

የአሽዶዷ

እኅቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንደዚያ አትንገሪያቸው። «ሽሙዓ» ማዳመጥ አይደለም፤ የተሰማ ነገር ነው። ወሬ። ቃሉ ስለ አድማጩ ጆሮ ግድ የለውም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ሐሜትን ነው የሚመስለው። ከመነሻው ተነሥተን ዛሬ የምንፈልገውን ምክር ማውጣት ደስ ይላል፤ ግን ቃሉ አላለውም።

መሪጌታ አይደለሁም

እውነቷን ነው። ያንን ትርጉም ከፈለጋችሁ የራሳችን አማርኛ አለላችሁ። ከሰማ «ተሰማማ» ብለን ሳይሆን «ተስማማ» ብለን ሠራን። ተስማማ ማለት እኮ እርስ በርስ ተሰማማ ነው። አንተም ሰማኸኝ፣ እኔም ሰማሁህ። ሁለት ሰው ተስማማ፣ አየሩ ተስማማኝ፣ ጫማው ተስማማኝ እንላለን። ጫማ ምን ይሰማል? ግን እንላለን። «ተሰሚነት» የሚለውንም እዩት። ትልቅ ሰው ማለት ለእኛ የሚናገር ሳይሆን የሚሰማ፣ ማለቴ ሌላው የሚሰማው ነው። ሂሳብ ሹም፣ አለቃህ የፈለገብህ እሷን ትመስለኛለች። ደንበኞቹ ዘንድ ተሰሚነት እንዲኖርህ።

ማስታወቂያ ሠሪዋ

እሺ፣ ተስማማሁ 😄 ስላይዱን አስተካክላለሁ።

ቦሌ ሚካኤል

ግን ማነው ልጁን የሚረዳው? ሐሙስ ምን ይበል? ቃል መፍታት እኮ አፍ አይፈታም።

የአራት ልጆች እናት

ስለ ሥራ አታውራ። ስለ ልጆቻቸው ጠይቅ። ስም ከነገሩህ ስሙን መልሰህ ጥራ። «አንተ ደግሞ ከየት ነህ» ሲሉህ ስለ ረሃብ እንዳትጀምር፤ ስለ ቡና ጀምር።

ፍራንክፈርት በርዶኛል

ማንንም እንዳታቅፍ።

ሂሳብ ሹም (ከአራት ቀን በኋላ)

ጠይቃችሁኛልና ልንገራችሁ።

ሄድኩ። ሰማያዊ ሸሚዜን ለበስኩ። ብርጭቆ በግራ እጄ ያዝኩ፤ ቀኜ ለሰላምታ እንዲደርቅ ብዬ። አንድ ሰውዬ አገኘሁ፤ ስለ ዝናቡ አራት ደቂቃ አወራን። ሰዓቴን ስላየሁ ነው ደቂቃውን የማውቀው። ልጆች አሉህ አልኩት፤ የሉኝም አለ። ከዚያ ሁለታችንም አይቡን አየነው። ሌላዋ ሴትዮ ስለ ቡና ስጀምርላት የሻይ ሰው ነኝ አለችኝ። አለቃዬ ከማዶ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ ጉዴን አለማየቱን ነው የወደድኩለት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ምድር ቤት መኪናዬን ልቀበል ስሄድ የፓርኪንጉ ልጅ ቲኬቱን አይቶ ስሜን በአማርኛ አነበበው። የደብረ ሲና ልጅ ነው። ቆሎ አለው። የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስለተበላሸ አውቶቡስ አንድ ታሪክ ነገረኝ፤ እኔም አንድ አለኝ፤ ነገርኩት። ብርዱን ረሳሁት። ባለቤቴ ስትደውል አርባ ደቂቃ ሄዷል። እንግዶቹ አንድ በአንድ እየወረዱ መኪናቸውን ሲጠይቁ ሁለታችንንም አብረን ነው ያገኙን። የሻይዋ ሴትዮ ቆሎውን ቀመሰች። ምንድን ነው አለች። ገብስ ነው አልናት። ሁለተኛ እፍኝ ዘገነች።

ልጁ የፓርኪንግ ሂሳብ አልተቀበለኝም። አለቃዬ እስካሁን ምንም አላለኝም።

ታክሲ ነጂው

የቆሎው ልጅ የት ጋራዥ ነው የሚሠራው?